በወንድማቸው አንደበት የሚነበብ የመምህርት ሮማነወርቅ ዘውዴ የሕይወት ታሪክ

መምህርት ሮማነወርቅ ዘውዴ ከአባታቸው ከአቶ ዘውዴ ወልደ ሰማያትና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሻሽወርቅ አብዬ በ1962 ዓ.ም. በሐረር ከተማ፣ ሸዋ በር አካባቢ ተወለዱ። አራት ዓመት የሚበልጧቸው አንድ ወንድም አሏቸው። እኚህ ወንድም፣ አቶ እንደሻው ዘውዴ፣ የእድራችን ዳኛ ሲሆኑ አሁን ይህን ወረቀት ይዘው ድምፅ ማጉያው ፊት ቆመዋል። በእድራችን ደንብ ቤተሰብ ጽፎ ያቀረበውን የሕይወት ታሪክ ዳኛው ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ያነባሉ። ደንቡን ያረቀቁት ራሳቸው አቶ እንደሻው ናቸው። ጽሑፉን ያዘጋጀችው የሟች ልጅ ገሊላ ኤልሳዕ ናት፤ ለቀስተኛው በዓይኑ እየተከተለ እንዲያዳምጥ ለሁሉም የሚበቃ ታትሟል።

መምህርት ሮማነወርቅ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በተወለዱበት ከተማ ትምህርት ጀምረው በ1980 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቀቁ። ኮሌጅ የሚያስገባ ውጤት ነበራቸው። ወንድማቸው ግን «ለአንድ ቤት አንድ የተማረ ይበቃል» ብለው አባታቸውን አሳመኑ። የተማረው አንዱ አቶ እንደሻው መሆናቸው ነው።

በ1983 ዓ.ም. ከጭነት መኪና ሹፌሩ ከአቶ ኤልሳዕ ታምሬ ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተሳስረው ገሊላንና ሚልኪያስን ወለዱ። አቶ ኤልሳዕ በ1992 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ሲያርፉ ሁለቱን ልጆች የማሳደጉ ሸክም በመምህርት ሮማነወርቅ ትከሻ ላይ ወደቀ። ሸዋ በር ከሚገኝ አንድ ዳቦ ቤት ተቀጥረው ጎህ ሳይቀድ እየገቡ ዳቦ ይሸጡ ጀመር።

በ1994 ዓ.ም. በሠላሳ ሁለት ዓመታቸው ለመምህርነት የማታ ትምህርት ተመዘገቡ። ቀን ዳቦ ቤት ውለው ማታ ክፍል ይገባሉ። ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ሞጁላቸውን ከሚዛኑ ጎን ዘርግተው ስለሚያነቡ የመጽሐፉ ገጾች ዱቄት በዱቄት ነበሩ። ማታ ማታ ልጆቹን የሚጠብቁላቸው እናታቸው ወይዘሮ የሻሽወርቅ ነበሩ።

አቶ እንደሻው በዚህ ደስ አልተሰኙም። በእድሩ ስብሰባ ላይ «ከሏን ሳታወልቅ ማታ ማታ ትወጣለች» አሉ። ቀጥለውም ሦስት ሽማግሌ ላኩባቸው። ሽማግሌዎቹ የቀረበላቸውን ጠጥተው ሲያበቁ ወይ ልጆቿን ወይ ትምህርቷን ትምረጥ አሉ። መምህርት ሮማነወርቅ አንገታቸውን አልደፉም። «እሺ አባቶቼ፣ ትምህርቱን ልተወው። ልጆቼን አሳድጋለሁ የሚል ከመካከላችሁ እጁን ያውጣ» አሏቸው። እጁን ያወጣ አልነበረም። ከሦስቱ አንዱ ዛሬ በሕይወት ስላሉና እዚሁ ወንበር ላይ ስለተቀመጡ ስማቸው አልተጻፈም።

ሽምግልናው ሳይሠራ ሲቀር አቶ እንደሻው እናታቸውን «ለዓይን ሕክምና ነው» ብለው በባጃጅ ጭነው ወደ ራሳቸው ቤት ወሰዷቸው። ወይዘሮ የሻሽወርቅ ዓይናቸው ጤነኛ ነበር። ከዚያ በኋላም ወደ ሴት ልጃቸው ቤት አልተመለሱም። ይህ የተደረገው ልጆቹን የሚጠብቅ ሰው እንዳይኖር ነው፤ ሌላ ምክንያት የሚያውቅ ካለ ከቀብር በኋላ ለገሊላ ይንገራት። አቶ እንደሻው እዚህ ላይ ውሃ ካስፈለጋቸው ሚልኪያስ ይዟል።

በዚያ ሳምንት መምህርት ሮማነወርቅ ትምህርቱን ለመተው ቆርጠው ነበር። ይህን የሰሙት ጀጎል ውስጥ የሚኖሩት የዳቦ ቤቱ ደንበኛ ወይዘሮ ሐሊማ ናቸው። «ዒልም ለሚፈልግ፣ ዕውቀት ለሚሻ ሰው አላህ መንገዱን ያቀልለታል። ልጆቹን እኔ ጋ አምጫቸው፣ ወላሂ አይከብዱኝም» አሏቸው። ገሊላና ሚልኪያስ አራት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ በሸዋ በር አልፈው ጀጎል ይገቡ ነበር። የቤት ሥራቸውን የሚሠሩት ወይዘሮ ሐሊማ ቤት፣ ምንጣፍ በለበሰው ከፍ ያለ መደብ ላይ ተቀምጠው ነው። ወይዘሮ ሐሊማ ከራሳቸው ልጆች እኩል ያበሏቸዋል፤ የእኛን ጾም ከእኛ በላይ ያውቁ ስለነበር በጾም ሽሮ፣ በፍስክ እንቁላል እየሠሩ የእምነታችንን ወሰን አንድ ቀን ሳያልፉ አሳድገዋቸዋል። ዛሬም ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመው እያለቀሱ ነው፤ ለመምህርት ሮማነወርቅ የሥጋ ዘመድ ያልዋለውን ውለታ የዋሉላቸው እርሳቸው ናቸው።

መምህርት ሮማነወርቅ በ1998 ዓ.ም. በሂሳብ ትምህርት በዲፕሎማ ተመረቁ፤ ቆይተውም በክረምት መርሐ ግብር የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ያዙ። እስከ ሕመማቸው ድረስ በዚሁ ከተማ አስተምረዋል። ገሊላ ፋርማሲስት፣ ሚልኪያስ ደግሞ ቀያሽ ሆነዋል። በዳቦ ቤቱ አብራቸው ትሠራ የነበረችው ኑሀም እርሳቸውን አይታ፣ ልጇን አዝላ ተመዝግባ ዛሬ ነርስ ናት። የአቶ እንደሻው ልጅ ዮዲ ስምንተኛ ክፍል ሂሳብ አስቸግሯት በነበረ ጊዜ አባቷ ሳያውቁ እየመጣች በአክስቷ ተምራለች። ዛሬ መሐንዲስ ናት። አባቷ ውጤቷን ሲያዩ «በደሟ ነው» ይሉ ነበር። ደሙስ ልክ ነው፤ የማን ደም እንደሆነ ግን አልጠየቁም።

ወይዘሮ የሻሽወርቅ በ2001 ዓ.ም. አረፉ። የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉትም ያነበቡትም አቶ እንደሻው ናቸው። «የአንድ ልጅ እናት ነበሩ» ብለው አነበቡ። መምህርት ሮማነወርቅ ያኔ ሬሳው አጠገብ፣ ከወንድማቸው ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቆመው ነበር። ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። እርሳቸው እናታቸውን ቀብረው፣ ሰባቱን ቀን ተቀምጠው ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። አቶ እንደሻው ከዚያም በኋላ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ «ተማሪዋ» እንጂ «መምህርት» ብለው ጠርተዋቸው አያውቁም። በዚህ ንባብ ውስጥ ግን ደጋግመው ብለዋል።

መምህርት ሮማነወርቅ በስኳር ሕመም ለሦስት ዓመታት ሲታከሙ ቆይተው ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ55 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ከማረፋቸው በፊት በንስሐ አባታቸው ፊት ወንድማቸውን ይቅር ብለዋል። ለልጃቸውም «ታሪኬን ወንድሜ ያንብብልኝ» ብለው ተናዝዘዋል። እርቅ ፈልገው ነው። ምን ተጽፎ እንደሚነበብ ግን አልተናዘዙም። ገሊላ እናቷን ታከብራለች፤ ነገር ግን የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፣ እርሷም የንስሐ አባቷን ገና አላናገረችም።

መምህርት ሮማነወርቅ ሁለት ልጆች፣ ሦስት የልጅ ልጆችና አንድ ወንድም ትተው አልፈዋል። ደክመው የተማሩባቸውን ምሽቶች ያየ አምላክ ነፍሳቸውን በማይመሽበት ሀገር ያሳርፍልን።

የሚከተለው በአንባቢው አንደበት የተጻፈ ስለሆነ አቶ እንደሻው ቀስ ብለው ያንብቡት።

«እኔ እንደሻው ዘውዴ በእናታችን ቀብር ላይ የእህቴን ስም ያስቀረሁት ረስቼ አይደለም። እናታችንንም ከእህቴ ቤት የወሰድኩት ለሕክምና አይደለም። እህቴ ያጠፋችው ነገር አልነበረም፤ መማሯን ጠልቼ ነው።»

አቶ እንደሻው ይህን ካነበቡ ሁላችሁም አሜን በሉ። ካላነበቡ ዝም በሉና ወረቀቱን አጣጥፋችሁ ወደየቤታችሁ ይዛችሁት ግቡ።