ንጋቱ ለእናታችን ይነገራት ብሏል

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለትርንጎ፣

እንደምን ከረምሽ? ወገብሽ ተሻለሽ? እናታችንስ በስግድ በዓላችን ጾም አልደከመችም? የጎንደር ብርድ እንዴት ይዟችኋል? እኔና ልጄ ሊኖይ በጤናችን ነን። ሁላችንም ደህና ነን ብዬ እንዳልጽፍ ግን የወንድማችን የንጋቱ ነገር እጄን ይይዘዋል።

በስልክ ያልነገርኩሽ ስልኩ ከእናታችን እጅ ስለማይወጣ ነው። መልእክት ብልክም የጎረቤት ልጅ ጮክ ብላ ታነብላታለች። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ለጎረቤቴ ለማንያዘዋል ሰጠሁት፤ እሁድ ወደ ጎንደር ይሳፈራል።

እህቴ፣ ንጋቱ አይድንም። ሳንባው ደክሟል፤ ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ሕመሙን እናስታግሳለን እንጂ አናድነውም ብለውኛል። አዬሌት የምትባል ነርስ እቤት እየመጣች ማስታገሻ ትሰጠዋለች፤ ጎኑ እንዳይቆስል እንዴት እንደምናገላብጠውም አሳይታናለች። ጉንፋን ነው ያልኳችሁ ውሸት ነበር። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" እያለች ያሳደገችኝን እናት ዋሸሁ፤ ከእሱም ደበቅሁ። ድምፁ መድከሙን እንዳትሰማ ስትደውል ሁሌ ተኝቷል እላታለሁ።

ትናንት ሰፈሩ ለስግድ ኢየሩሳሌም ሲወጣ እኛ ቤት ዋልን። አዬሌት መጥታ ምን እንደሚፈልግ ጠየቀችው። እንደ ልማዴ ልመልስለት ስል እሱ ይናገር አለችኝ። ከልጅነቱ ጀምሮ እጅና እግሩ ስለማይታዘዙለት፣ አንደበቱም ስለሚተሳሰር፣ መልስ የምንሰጥለት እኛ ነን። እሷ ግን ቁጭ ብላ ጠበቀችው። ቀስ እያለ እንደምሞት አውቃለሁ አለ። ማን ነገረህ ብትለው፣ ወደ እኔ እያየ፣ ማዕዛ መሳደብ ስታቆም አወቅሁት አለ።

እውነቱን ነው። በየጠዋቱ "ባላባቱ ገና አልተነሱም?" እለው ነበር፤ እሱም "አሽከሬ ዛሬም አፍ አወጣች" ይለኛል። የከተማችን የእግር ኳስ ቡድን በተሸነፈ ቁጥር ደግሞ ቤቱ በጭቅጭቃችን ይታመሳል። ከታመመ ወዲህ ግን ፊቱን ሳይ ሆዴ እየባባ "የኔ ጌታ፣ የኔ ዓለም" ብቻ ሆነ ንግግሬ። ለካ ማቆላመጤ ነው ያሳበቀብኝ። ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ሁሌ በዕብራይስጥ የምትመልስልኝ ሊኖይ በአማርኛ አባበለችኝ።

ስመለስ ስለ እናታችን አነሳ። "እናቴ መርዶዬን ከመስማቷ በፊት ድምፄን ትስማ። ትመርቀኝ። ልቅሶው በኋላ ይደርሳል" አለ።

ዛሬ ጠዋት እንደ ድሮው ባላባቱ ብዬ ጠራሁት። ዘገየሽ አለኝ።

እህቴ፣ ይህን ሸክም በአንቺ ላይ ጣልኩት፤ ይቅር በይኝ። ሰው ሳይሰበሰብ ለብቻዋ ንገሪያት፣ እቀፊያት፣ ከዚያ ደውሉ። ከእንግዲህ ተኝቷል አልልም። ንግግሩ ስለሚቆራረጥ እስኪጨርስ ጠብቁት።

ለባለቤትሽ ለጀምበሩ፣ ለልጅሽ ለልደት፣ ለጎረቤቶቻችንም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ሊኖይ ጉልበትሽን ስማለች። ለእናታችን ግን ሰላምታ አልጻፍኩም፤ ንጋቱ በገዛ አፉ ሊሰጣት ነው። አትዘግዩ።

እህትሽ ማዕዛ
ፔታ ቲክቫ፣ እስራኤል፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.