እትዬ አበዛሽ ሲኒማ ቤት ለቅሶ ደረሱ

ሃይሚዬ፣

ፖስትካርድ ላይ አጣብቤ ስለምጽፍልሽ ጽሕፈቴን ታገሺኝ። ዛሬ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ፊልም ፌስቲቫል ላይ፣ ከአክስቴ ከእትዬ አበዛሽና ከልጃቸው ከኤሊ ጋር አንድ የቦስኒያ ፊልም አየሁ። በጦርነት የጠፋ ወንድሟን አፅም ከሠላሳ ዓመት በኋላ ስለምትቀብር ሴት ነው። እኛ ጋ ቢሆን አዳራሹ በሙሉ ከንፈሩን ይመጥ ነበር፤ እዚህ ግን ሁሉም ጭጭ!

ሲያልቅ እህቲቱን ሆና የሠራችው ተዋናይት ራሷ ጥያቄ ልትመልስ መድረክ ላይ ወጣች። እትዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ብድግ አሉ። ኤሊ “ማሚ፣ ፕሊስ! አክትረስ እኮ ናት!” ብትል ማን ሰምቷት! ሄደው አቀፏትና በአማርኛ “እግዜር ያጽናሽ ልጄ” አሏት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ኤሊም እያፈረች ተረጎመችላት።

ተዋናይቷ ተንሰቀሰቀች። ለካ ፊልሙ ውስጥ የሟቹ ተብሎ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፎቶ በጦርነቱ የሞተው የእውነተኛ ወንድሟ ነው! “በሄድኩበት አገር ሁሉ አጨበጨቡልኝ፤ እንዲህ ያለኝ ሰው ግን የለም” አለች። እኔ እስካሁን ክው እንዳልኩ ነኝ።

ሃይሚ፣ ወንድምሽ ሲራክ ያረፈ ጊዜ እኮ ምን እንደምልሽ ጠፍቶኝ ከበራችሁ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ስሙንም አንስቼልሽ አላውቅ። አንቺም አልወቀስሽኝም።

ካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። የእናትሽን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ስመለስ ከኤርፖርት በቀጥታ እናንተ ቤት ነኝ። የቀረችው ጥግ ያንቺ ናት፦ እግዜር ያጽናሽ።

ሮዳስ