ያልጸዳው ቋት

መጋቢት 3፣ ረቡዕ፣ ረፋድ
ማስታወሻዬ፣ ዛሬም ስለ ፍጥነት ነው። ለኮሌጁ ሰርቨር የጻፍኩት ድራይቨር፣ መረጃ የሚያመላልሰው ፕሮግራም፣ አሁን በፍጥነት ይበራል። ከዲስክ የሚነበበውም በኔትወርክ የሚላከውም በአንድ ቋት፣ በኮምፒውተሩ ጊዜያዊ መያዣ፣ ያልፋል። አንዱ ሲጨርስ ቋቱን አልጥለውም፣ ለሚቀጥለው እሰጠዋለሁ። በመሃል የቀደመውን ጽሑፍ ከቋቱ ማጽዳት ነበር፤ ባለፈው ሳምንት አወጣሁት። ጋሽ ሙሉጌታ ናቸው ያሉኝ፣ ጊዜ ይበላል ብለው። ድሮ አስተማሪዬ ነበሩ፣ አሁን አንድ ቢሮ ነን። ለማስተርስ የሚላከው አንድ ሰው በዚህ ወር ይመረጣል። ለኮሚቴው ጥሩ አድርገው እንደጻፉልኝ ነግረውኛል። ከቤተሰቦቼ ከባምባሲ የተላከልኝን ማንጎ ግማሹን ሰጠኋቸው።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ፣ 8 ሰዓት
መብራት ሄዶ መጣ። የድራይቨሩ ሙከራ እንደገና ከመጀመሪያ። የሚላኩትን መልእክቶች አንድ በአንድ ከፍቼ አየሁ። አጫጭሮቹ ጭራ አላቸው! «ደርሷል» ከሚለው ቃል በኋላ ባዶ መሆን ያለበት ቦታ ላይ የሰው ጽሑፍ። መጀመሪያ ሳቅሁ። ሳህን ሳያጥቡ ለሌላ እንግዳ ማቅረብ ማለት ነው። ማጽዳቱን ያወጣሁት እኔ፣ ጥፋቱ የእኔ። የማን ፋይል እንደሆነ ለማወቅ ጠጋ አልኩ። «...እርሷ የረዳችው በመተየብ ብቻ ሲሆን ሥራው ሙሉ በሙሉ የእኔ...»
ሳቄ ቆመ።

8፡40
ሙከራውን ደገምኩት። የሰው ደብዳቤ ነው፣ ነውር ነው፣ አውቃለሁ። ደገምኩት። ሌላ ቁራጭ ወጣ፦ ስሜ። ሌላ፦ ለምርጫ ኮሚቴው። ሌላ፦ ለትምህርቱ ገና አልበሰለችም። ከሥር ሙሉጌታ። ሰርቨሩ ላይ ያስቀመጠውን ደብዳቤ ዛሬ ከፍቶት ይሆናል፤ በቋቴ ሲያልፍ ትራፊውን ጥሎልኝ ሄደ። ጋሽ ማለት ከአፌ አልወጣ አለ። ማንጎዬን እየበላ!

መጋቢት 5፣ ዓርብ
ሙሉጌታ ምሳ እንብላ አለኝ። ሆዴን አሞኛል አልኩት። የላብራቶሪው ጠባቂ ሐዋ አየችኝ። አፏን የፈታችው በበርታ ቋንቋ ነው፣ በአማርኛ ሁሉንም ሰው አንተ ትላለች። «ወላሂ፣ አንተ ዛሬ ፊት ልክ አይደለም። ማን አስከፋ?» ማንም፣ አልኳት። አላመነችኝም። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

መጋቢት 8፣ ሰኞ፣ ጠዋት
ሁለት ቀን ከቤት አልወጣሁም። ሙቀትና ንዴት። ቋቱን የምታጸዳው ትእዛዝ አንድ መስመር ናት። መልሼ አስገብቼ ዝም ብል ማንም አያውቅም። ግን የሌላው ሰው ፋይልስ? ሳምንት ሙሉ ሲያፈስ ከርሟል። ነገ የክፍሉ ስብሰባ አለ። እናገራለሁ።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ፣ 5 ሰዓት
ተናገርኩ። ድራይቨሩ የሰዎችን ጽሑፍ ያሾልካል አልኩ። ደብዳቤውን አላነሳሁም። የክፍሉ ኃላፊ ወ/ሮ አስቴር ማጽዳቱን ማን እንዳወጣው ጠየቁ። ሙሉጌታ ቀደመኝ። «እሷ ናት። ድራይቨሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ የጻፈችው እሷ ናት፣ እኔ እጄ የለበትም።»
እጄ የለበትም! አውጪው ያለኝ ሰው! በአንድ ወር ሁለቴ ካደኝ።
ወ/ሮ አስቴር የምርጫ ኮሚቴውም ሰብሳቢ ናቸው። ከፊታቸው ያለውን የምርጫ ማህደር ገልጠው አንድ ወረቀት ላይ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ቀና ብለው አዩት። እሱ ወረቀቱን አወቀው፤ «ሥራው ሙሉ በሙሉ የእኔ» ያለበት የራሱ ደብዳቤ ነበር። ስብሰባው ተበተነ።

5፡30
ሐዋ መጣች። «ኃላፊ ይጠራል፣ ቶሎ።» ማጽጃዋን መስመር መልሻታለሁ፣ አጠገቧ ስሜን ጽፌያለሁ። የማስተርሱን ዕድል ሊሰጡኝም ሊከለክሉኝም ይችላሉ፣ ደብዳቤውን በቁራጭ ማንበቤን ግን ራሴ እነግራቸዋለሁ። የሠራሁትም ያበላሸሁትም የእኔ ነው፤ ሁለቱንም እላለሁ። ሐዋ በሩ ላይ ቆማ እየጠበቀችኝ ነው።