ከርብ ራስ

ለባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ ለመሪጌታ ገብረእግዚአብሔር፣ ይፋግ።

ከጉና ብርድ ውስጥ ሆኜ የእርስዎንና የደቀ መዛሙርትዎን ጤና እጠይቃለሁ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን።

እናንተ ዘንድ ሜዳውን እያቋረጠ የሚያዘግመው ርብ ከሚነሣባቸው ምንጮች አንዱ ከቤታችን በላይ ያለው እንደሆነ ያውቃሉ። ዘንድሮ አበልጃችን ማሬ በጎማ ቱቦ ወደ ድንች ማሳው ጠለፈው። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ተቀመጠ፤ ውሃው ግን አልተመለሰም። አሁን የምቀዳው ታች ገደሉ ሥር ወርጄ ነው።

ወንድምዎ ዘውገ ደኅና ነው። ገብሱን ሳይደርስ ማጨድ ጀምሯል። "ምነው፣ ገና እሸት አይደል?" ስለው፣ "እኔ እያለሁ ልክተትልሽ" አለኝ። የመሬቱን ደብተር ከሣጥን አውጥቶ በእጄ ሰጠኝ። ከሠርጋችን ወዲህ ያልነካውን ጠመንጃም አውርዶ ወለወለው። ለጅብ ነው ይላል። ጅብ ግን ዘንድሮ አልመጣብንም።

ትናንት ማሬ በደጃችን ሲያልፍ ዘውገ ብድግ ብሎ በፈገግታ ሰላም አለው። ጎረቤቱ ሁሉ "እሰይ፣ ታረቁ!" ብሎ ደስ አለው። እኔ ግን እንስራዬን እንዳዘልኩ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ቢመጡ ዘውገ የእርስዎን ቃል ይሰማ ነበር። ግን ተማሪዎችዎን ጥለው እንደማይመጡ አውቃለሁ። ደብዳቤውንም ለደብረ ታቦር ገበያተኛ ነው የምሰጠው፤ እስኪደርስዎ አጨዳው ያልቃል።

ከእግርዎ ዝቅ ብዬ እሰናበትዎታለሁ። በጸሎትዎ የዘውገን ስም ሲያነሡ፣ የማሬን አምስት ልጆችም አብረው ያንሡልኝ።

የወንድምዎ ሚስት፣ እመቤቴ