አመድ ያልነካው ምድጃ፦ የወ/ሮ ጸሐይወርቅ ምንዳዬ ሕይወት

ወ/ሮ ጸሐይወርቅ ከአባታቸው ከአቶ ምንዳዬ ቸኮል እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ወለተማርያም አድማሱ በመስከረም 1961 ዓ.ም. ጎንደር ተወለዱ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እዚያው አጠናቀው በ1983 ዓ.ም. ካርቱም ገቡ። በከተማዋ ሪያድ በተባለ ሰፈር በቤት ሠራተኝነት ሲያገለግሉ ዐረብኛ መጻፍን ከአሠሪዎቻቸው ልጆች ደብተር ተማሩ። በ1986 ዓ.ም. ከአቶ ጸጋዬ አያሌው ጋር በተክሊል ተጋብተው ልጃቸውን ልደትን አፈሩ።

በ1992 ዓ.ም. ከሰል ቆጣቢ ምድጃ በሚያድል አንድ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ተቀጠሩ። ሥራቸው አል-ሳሃፋ በተባለው የካርቱም ሰፈር ምድጃ የደረሳቸውን ቤቶች እየዞሩ ማየት ነበር። በመጀመሪያው ዙር ምድጃዎቹን ሁሉ ታጥበው፣ ዳንቴል ለብሰው ስላገኟቸው «በጥሩ ይዞታ ላይ ናቸው» ብለው ጻፉ። ድርጅቱም ተደስቶ ተጨማሪ ሊያሠራ ተነሣ።

እሳቸውን ግን አንድ ነገር ከነከናቸው፤ የሚሠራበት ምድጃ እንዴት አመድ አይነካውም? አንድ ዓርብ ሳይነግሩ ጓደኛቸው ወ/ሮ ሉጥፊያ ቤት ሄዱ። ሳምንቱን በየአሠሪዎቻቸው ቤት የሚያድሩ ስድስት ሴቶች በዕረፍት ቀናቸው እዚያ ተሰብስበው በአንድ ትልቅ ድስት ያበስላሉ። ድስቱ አሮጌው ማንደጃ ላይ ተጥዷል፤ አዲሱ ምድጃ ዳንቴሉን እንደለበሰ ጥግ ይዟል። የወ/ሮ ሉጥፊያን መልስ በማስታወሻቸው አስፍረውታል፦ «ያ ኡኽቲ፣ እኅቴ፣ አፉ እኮ ለሁለት ሰው ድስት ነው። ደግሞ አንቺ ስትመጪ በአመድ ልቀበልሽ?»

ዝም ቢሉ ሥራቸው አይነካም ነበር። «የመጀመሪያው ሪፖርት ስሕተት ነው፤ የተሳሳትሁትም እኔ ነኝ» ብለው ጻፉ። ውላቸው አልታደሰም። ካፉሪ ሰፈር ወዳለ አንድ ቪላ ተመልሰው ወጥ ቤት ገቡ፤ ሂሻም የተባለውን የሰፈሩን ቆርቆሮ ሠሪ ግን በትልቁ ድስት ልክ አፈ ሰፊ ምድጃ አሠሩት።

በ1998 ዓ.ም. የሕዝብ ፖሊሲ ትምህርት በማታ ጀመሩ። ይህን የሚጽፈው፣ ከሩቅ አገር ተምሮ የተመለሰው የወንድማቸው ልጅ ቃለአብ፣ በዚህ ዕድሜ ምን ሊያደርግልዎ ነው ብሎ ጠይቋቸው ነበር። «ስንት ምድጃ እንደታደለ የሚቆጥር ሞልቷል፤ ድስቱን ማን ለካው ብዬ ልጠይቅ» አሉት። የመመረቂያ ጽሑፋቸውም ይህንኑ የሚመረምር ነበር። ሳይጨርሱት ኩላሊታቸው ታመመ፤ ኅዳር 12 ቀን 2000 ዓ.ም. በሠላሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸው አቶ ጸጋዬና ልጃቸው ልደት በሐዘን ቀርተዋል። ከቀብር መልስ የምንቀምሰውን ንፍሮ ወ/ሮ ሉጥፊያና ባልደረቦቻቸው በዚያው አፈ ሰፊ ምድጃ እየቀቀሉት ነው። ምድጃው አመድ በአመድ ሆኗል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን።