ለክቡር የፖሊስ አዛዥ፦ ስለ ሁለት መቶ ሦስት ሰዎች ሁለት ሦስተኛ

ለሶክቾን ከተማ ፖሊስ ጣቢያ አዛዥ
ለክቡር አቶ ኳክ ዶንግሆ
ሐሙስ፣ ዲሴምበር 9 ቀን 1954

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ገበያው ግድግዳ ላይ፣ በጎመን ዋጋና በጠፋ በሬ ማስታወቂያ መሃል ተለጥፎ ሲያገኙት በሙሉ ጤና እንዲሆኑ፣ ጉልበትዎንም ብርዱ እንዳይነካብዎ እመኛለሁ። እኔ የሴቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪ ኢም ኦክቡን ነኝ። ዕድሜዬ ዐሥራ ስድስት ነው። ትልልቆች ባሉበት መናገር ነውር እንደሆነ በሚገባ ስለተማርኩ አልናገርም፤ እጽፋለሁ እንጂ። የሒሳብ መምህራችንን አቶ ቦንግ ቴሁንን ካለፈው ሳምንት ረቡዕ ጀምሮ በእንግድነት ስለያዙልን፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ሕገ መንግሥታችን ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከታናሽ ወንድሜ በአንድ ዓመት ያንሳል። ሆኖም ወንድሜ ገና ሱሪ ሳይቀየርለት እሱ ሁለት ጊዜ ተቀዶ ተሰፋ። የመጀመሪያው በጦርነቱ ጊዜ መንግሥት በተሰደደባት በፑሳን ከተማ ነበር፤ የምክር ቤቱ አባላት ፖሊስ ከቧቸው፣ ማን እንደደገፈ በግልጽ እንዲታይ ቆመው ድምፅ ሰጡ። ሁለተኛው ያለፈው ወር ነው። ርዕሰ ብሔር ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳይመረጥ የሚከለክለው ቃል አሁን ሥልጣን ላይ ያሉትን እንዳይነካ ተጠየቀ። ከሁለት መቶ ሦስት አባላት ሁለት ሦስተኛው መደገፍ ነበረበት፤ መቶ ሠላሳ አምስት ደገፉ። ቅዳሜ ዕለት ወደቀ ተባለ፤ እሑድ ሁላችንም ዐረፍን፤ ሰኞ አለፈ ተባለ። የሁለት መቶ ሦስት ሁለት ሦስተኛ መቶ ሠላሳ አምስት ከነጥብ ሦስት ሦስት ስለሆነ፣ ትርፏም ከግማሽ ስለምታንስ፣ ትጣል ተባለ። አያቴ ይህን ሰምተው ፒፓቸውን አራገፉና፣ «ልጄ፣ ንጉሥም አይቻለሁ፣ ጃፓንም አይቻለሁ፤ ሁሉም ሲመጣ ሕግ ይዞ ይመጣል። አንቺ ሩዝሽን ብዪ» አሉኝ። አያቴ ሰባ ዓመት ሙሉ ሩዛቸውን ሲበሉ ኖረዋል፤ ሩዙ ግን ዛሬ ገብስ ሆኗል።

ሁለተኛ፦ መምህር ቦንግ ማክሰኞ ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ ጻፉ፤ ከሁለት መቶ ሦስት ሰዎች ሁለት ሦስተኛ እንዲሞላ ቢያንስ ስንት ሰው ያስፈልጋል? አርባ አንዳችንም መቶ ሠላሳ ስድስት አልን። እሳቸውም «ደግ፤ ሰው አይቆረጥም» ብለው ወደ ሦስት ማዕዘን ተሻገሩ። ስለ መንግሥት የተናገሩት ይኸው ነው። በነጋታው ሰዎችዎ ክፍላችን ድረስ መጡ። ቤታቸውም ጎራ ብለው ለባለቤታቸው «ጥቂት ጥያቄ ነው፣ እትዬ፤ ለምሳ ይመለሳሉ» ስላሏቸው አመሰግናለሁ፤ የየትኛው ቀን ምሳ እንደሆነ አለመጠየቃቸው የራሳቸው ጥፋት ነው። የክፍል ውስጥ ነጠላ ጫማቸውን እንዳደረጉ ስለተወሰዱ የውጪ ጫማቸው እስከ ዛሬ በትምህርት ቤቱ መግቢያ መደርደሪያ ላይ ነው፤ በረዶ ከጣለ ደግሞ አራት ቀኑ ነው። ደብተሮቻችንንም ሰብስበው ወስደዋል። ስማችን ሽፋኑ ላይ ስላለ፣ ማንን እንደሚፈልጉ ለማወቅ አይቸገሩም።

ሦስተኛ፦ ወሩ የኪምቺ ወር ነውና ሰፈሩ ሁሉ ከቤት ቤት እየዞረ ለበረዶው ወራት በጨውና በበርበሬ የሚቦካውን ጎመን አብሮ ያሰናዳል። ዘንድሮ መምህሩ ቤት የደረሰ የለም። ሰማንያ ራስ ጎመን ጨው ውስጥ ተዘፍዝፎ ባለቤታቸው ብቻቸውን ተቀምጠዋል። እናቴ ሁለት ጊዜ ሽርጧን አሰረች፣ ሁለት ጊዜ ፈታች። «ጎመኑማ ምን አለኝ፣ የሚያየኝ ሰው ነው እንጂ» አለች። ቦምብ ሲወርድ እንኳ ያልቀረውን ነገር ያለ አንዲት ጥይት ማስቀረትዎ የሚያስደንቅ ሙያ ነው።

አራተኛ፦ በትምህርት ቤታችን ደንብ፣ የአንድ ክፍል ሁለት ሦስተኛ የፈረመበትን አቤቱታ ርዕሰ መምህሩ ማኅተም መትተው ለሚመለከተው ይልካሉ። መምህራችን ይመለሱልን ብለን ሃያ ሰባት ልጆች ፈረምን። የአርባ አንድ ሁለት ሦስተኛ ደግሞ ሃያ ሰባት ከነጥብ ሦስት ሦስት ነው። ርዕሰ መምህር ሚዮንግ በሰልፍ አቁመውን አዲሱን ሒሳብ ካስረዱን በኋላ አጨብጭቡ ያሉን ሰው ናቸው። ፊርማውን ቆጥረው «አንድ ይጎድላችኋል፤ ሰው አይቆረጥም» ብለው ወረቀቱን መለሱልን። «ትርፏ ትጣል ተብሎ የለ፣ መምህር?» ብላቸው፣ «እሱ ለሀገር ነው፤ ይኼ ለክፍል ነው። ሂጂ አንቺ ምላስ ብቻ» አሉኝ። ትልልቆች ሒሳብ አያውቁም የሚሉ ይሳሳታሉ። ያውቃሉ፤ የሚያውቁበትን ቀን ግን ይመርጣሉ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ መምህራችንን በእግራቸው ይመልሱልን። በስድስት ዓመት ሁለት ጊዜ የተቀየረ ሕግ ለሦስተኛ ጊዜ እንደሚቀየር ለመገመት ሒሳብ አያስፈልግም። ያን ጊዜ ስንት ሰው ትርፍ ነው ተብሎ እንደሚጣል ግን መምህር ቦንግ አላስተማሩንም፤ ገና ምዕራፉ ላይ አልደረስንም ነበር።

በጣቢያዎ በር ባለፍኩ ቁጥር አንገቴን ሰበር፣ እርምጃዬን ፈጠን የማደርገው፣ ለደግነትዎ ወሰን ያጣሁለት ትሑት ታዛዥዎ፣

ኢም ኦክቡን
ሁለተኛ ዓመት፣ ክፍል ሦስት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ሃያ ስምንተኛው ፊርማ ተገኘ። ዛሬ ጠዋት ማንም ሳይጠይቃት መጥታ ሙሉ ስሟን የጻፈችው የክፍል ጓደኛችን፣ ልጅዎ ኳክ ጆንግሱክ ናት። ርዕሰ መምህሩ ስሟን ሲያዩ ማኅተሙ ያለበት መሳቢያ ለብዙ ጊዜ ጠፋባቸው፤ በመጨረሻ ግን መቱት። ልመርምራት ካሉ ሰው መላክ አያስፈልግዎትም፤ እራት ላይ ፊት ለፊትዎ ትቀመጣለች።