አሥራ ስድስት እጥፍ

ቃሊቲ፣ ኅዳር 12 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለማከብርሽና ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል፣ እትዬ? ወገብሽን ተሻለሽ? ሃዊስ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? ባቱ ዘንድሮ ንፋሱ በርትቷል ሲሉ ሰምቼ አሰብኳችሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ሱቁም አለ፣ የከባድ መኪናው አቧራም አለ።

ስልክ መደወል እችል ነበር። ድምፅሽን ስሰማ እንደምዋሽ ስለማውቅ ነው የምጽፈው።

አባባ ሳያርፉ የመረቁን ምርቃት ያለበት ዲቪዲ ገና ሲጀምር ደርቆ የሚቀረው ሃዊ ስለጫረችው አይደለም። አምና ደውለሽ «ልጅቷ ናት ያበላሸችው፣ ገርፌያታለሁ» ስትይኝ፣ «ልጅ አይደለች፣ ምን ታደርጊያለሽ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ያንን መልሴን ባሰብኩ ቁጥር መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እላለሁ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቪዲዮ ወደ ዲስክ የምጽፍበት ማሽን ላይ ‹16 ኤክስ› የሚል ቁጥር አለ፤ አሥራ ስድስት እጥፍ ማለት ነው። ሱቄ በር ላይ በትልቁ ለጥፌ እፎክርበታለሁ። ቁጥሩ ግን ማሽኑ ቢበዛ የሚደርስበትን ፍጥነት ነው የሚናገረው፣ እሱም ወደ ዲስኩ ጠርዝ ሲጠጋ ነው። ለማየት አንድ እጥፍ ይበቃል፤ በፍጥነት ስለተጻፈ ምስሉ የተሻለ አይሆንም። እንዲያውም ርካሽ ዲስክ ላይ አጣድፈሽ ከጻፍሽ፣ እንዳንቺ ቤት ያለው አሮጌ ማጫወቻ ማንበብ ያቅተዋል። በአራት እጥፍ ብጽፈው ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ያን ቀን የሰርግ ደንበኞች ቆመው ይጨቀጭቁኝ ነበርና አሥራ ስድስቱን ነካሁት። ማሽኑ ከጻፈ በኋላ በትክክል መጻፉን መልሶ የሚያጣራበትንም ዘለልኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ፤ እኔ ግን ያፈሰስኩትን ለሃዊ አስለቀምኳት።

ይሄ ብቻ ቢሆን በማግስቱ ሌላ እልክልሽ ነበር። ለራሴ ቀስ ብዬ የጻፍኩት አንድ አለኝ፤ ዓመት ሙሉ መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጧል። ሾፌሩ ሻፊ ከቃሊቲ መናኸሪያ ወደ ባቱ በወጣ ቁጥር ለእህትህ የምትልከው የለህም ወይ ይለኛል። የለም እለዋለሁ።

አሁን ከዚህ ደብዳቤ ጋር በእሱ እጅ ልኬልሻለሁ። ምርቃቱ ሲያልቅ እንዳታጠፊው። አባባ ውሃ ይጠይቁና ስምሽን ጠርተው «ከስምንተኛ ክፍል ያስወጣሁሽ ወንድምሽን ላስተምር ብዬ ነው። አንደኛ እንደወጣሽ አውቅ ነበር። እንግዲህ ልጄ...» ብለው ሊቀጥሉ ሲሉ፣ ከካሜራው ጀርባ አንድ ሰው «አባባ፣ እሱን ይተዉት፣ ምርቃቱ ይበቃል» ይላቸዋል። አባባ ካሜራውን ትንሽ ያዩና ውሃቸውን ይጠጣሉ። ከዚያ ወዲያ የተቀረጸ ነገር የለም።

ድምፁን ታውቂዋለሽ።

ሃዊን እኔ ራሴ መጥቼ ይቅርታ እስክጠይቃት ድረስ፣ ዲስኩን ያበላሸው አጎትሽ ነው በያት። አንቺን ግን በምን አፌ እንደምጠይቅሽ አላውቅም፣ እትዬ። አባባም ሳይጠይቁሽ የቀሩት በእኔ ነው።

ጓዳሽ አይጉደል። ልጅሽን አምላክ ያሳድግልሽ፣ እስከፈለገችው ድረስም ትማር።

በአንቺ ፋንታ የተማረው
ታናሽ ወንድምሽ